መጀመሪያ የጠፋውን ጉልበት መልስለት

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአዳማ ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? 26 ዓመቴ ነው። አዳማ ከእናትና ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት በቁጠባና በእቁብ ብር ያገለገለ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ባለ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው) ገዛሁ። እንደ ፈረንጆቹ የ2003 ሞዴል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት መኪና ነው። ቅዳሜና እሁድ ግቢ ውስጥ ራሴ እፈታዋለሁ፣ ራሴ እገጥመዋለሁ። አሁን ጉልበት ልጨምርለት ፈልጌያለሁ። ክፍት ፊልትሮ ላስገባ፣ ማርሚታውን (የጭስ መውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ላስቆርጥ፣ የተርቦውን ግፊት ከፍ ላደርግ፣ ሞላውን ደግሞ ቆርጬ መኪናውን ዝቅ ላደርግ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ሁሉም በአንድ ሳምንት ያልቃል ብሎኛል። አባቴ ግን ‹ሰው የምትገድልበት መኪና ግቢዬ ውስጥ አይቆምም› ብሎ ካኮረፈኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። እሱ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የጅቡቲን መስመር ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። ከየት ልጀምር? አባቴንስ ምን ልበለው? ገንዘቤ ብዙ አይደለም። — ተርቦው፣ ከአዳማ»

ልጄ ተርቦው፣

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እጁን ግራሶ ውስጥ ነክሮ መኪናውን ራሱ ሊያውቅ የሚፈልግ ወጣት ሳገኝ ሁሌም ደስ ይለኛል። እኔም ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት አዳማ ውስጥ ብዙ ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ቀጥሎ ግን ደነገጥኩ። አራት ነገር በአንድ ሳምንት! አራቱንም በአንዴ ነካክተህ ሰኞ ጠዋት መኪናው ባይነሳ፣ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

ስለዚህ ሳላለሳልስ ልንገርህ። ካሰብካቸው አራት ነገሮች አንዱንም አሁን አትንካ። ሞላውን ደግሞ መቼም አትቁረጠው። ምክንያቱን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።

መኪናህ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ210 በላይ የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ ያ ሁሉ አለው ብዬ አላምንም። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስንት ባለቤት እንደተፈራረቀበት አታውቅም። ጎማ ቱቦዎቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀው ይሆናል። ካንዴላው (ለቤንዚኑ እሳት የሚሰጠው) ያረጀ፣ ፊልትሮው የታፈነ፣ የፒስቶን ፋሻው የላላ ሊሆን ይችላል። አንተ 20 ፈረስ ልትጨምር ገንዘብ ታፈላልጋለህ፤ መኪናው ግን ምናልባት 40 ፈረስ ጥሎ ነው የሚሄደው። የጠፋውን መመለስ አዲስ ከመጨመር ይረክሳል። አደጋውም የለም። ብዙ ልጆች ይህን ሥራ ይንቁታል፤ ለጓደኛ የሚያሳዩት፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የለውማ። ለእኔ ግን ትልቁ ማሻሻያ እሱ ነው።

በታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም ቫልቭና ፒስቶን ሳይጋጩ በተራ እንዲሠሩ በሚያደርገው ቀበቶ ጀምር። የዚህ ሞተር ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ግድም ይቀየራል። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለህ መቼ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ፣ የት እንደተቀየረ ጠይቀው። በወረቀት ወይም በተለጣፊ ካላሳየህ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። ይህ ሞተር ቺንጋው ሲበጠስ ዝም ብሎ ከሚቆሙት ወገን አይደለም። ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ቫልቩ ይጣመማል። ቺንጋውን ስትቀይር መወጠሪያውንና የሚዞርባቸውን መዘውሮች፣ ከተቻለም የውሃ ፓምፑን አብረህ ቀይር። ያው አንዴ ተከፍቷል፤ ለሁለተኛ ጊዜ የእጅ ዋጋ አትከፍልም። ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻህን አትሥራው። ሱባሩ የሚያውቅ መካኒክ ፈልግ፤ አጠገቡ ቆመህ ቁልፍ እያቀበልክ ተማር። የቺንጋው ምልክቶች አንድ ጥርስ ከተዛነፉ መዘዙ ብዙ ነው።

ቀጥሎ የሞተሩን ጤና ለካ። ካንዴላዎቹን ራስህ ማውጣት ትችላለህ፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የሱባሩ ሲሊንደሮች ጎን ለጎን የተኙ ስለሆኑ ካንዴላው በግራና በቀኝ፣ ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ ነው የምታገኘው። ባትሪውንና የፊልትሮ ሳጥኑን ካላነሳህ እጅህ አይገባም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። አንድ የእንቁላል ካርቶን አጠገብህ አስቀምጥና 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለህ ጻፍበት። አንተ ወንበርህ ላይ ሆነህ ስታየው 1 እና 3 በቀኝ፣ 2 እና 4 በግራ ናቸው። እያንዳንዱን ካንዴላ ባወጣህበት ቁጥር ካርቶኑ ላይ አኑረው።

ከዚያ አንዱን አንሳና ፀሐይ ላይ ያዘው። ጫፉ ላይ ያለችው ነጭ ሸክላ የማኪያቶ ቀለም ከያዘች ሰላም ነው። ጥቁር ደረቅ ጥቀርሻ ካለባት ቤንዚን በዝቷል። ጥቁር ሆና ከረጠበችና ዘይት ዘይት ከሸተተች ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎሚኒው ዘይት ያሳልፋል። ፍጹም ነጭ ከሆነች ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል ወይም ቤንዚን ያንሰዋል። አሁን ዓይንህን ቀረብ አድርግ። ሸክላዋ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቃቅን ነጠብጣብ አለ? ከነጠብጣቡ አንዳንዱ እንደ ብር ያብለጨልጫል? እንዲህ ከሆነ ተጠንቀቅ። ያ የሚያብለጨልጨው የፒስቶንህ አሉሚኒየም ነው። ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየፈነዳ ፒስቶኑን እየቀጠቀጠው ነው ማለት ነው። ያንን ሞተር ጉልበት ልጨምርልህ ብትለው ይሰበርብሃል።

ካንዴላዎቹን አይተህ ስትጨርስ ኮምፕረሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት አስለካ። መለኪያው ከሌለህ ከአንድ ጋራዥ ተዋስ ወይም እዚያው አስለካ። ለልኬቱ ካንዴላዎቹን መልሰህ ሞተሩን ሞቅ አድርገው፤ ከዚያ አራቱም ካንዴላ እንደገና ይውጣ፤ ቤንዚኑና እሳቱ ይቋረጥ፤ ማስነሻው ሲዞር የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ። አራት ቁጥር ታገኛለህ። ከቁጥሩ ትልቅነት በላይ የምትፈልገው መቀራረባቸውን ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ወረድ ካለ ችግሩ እሱ ጋ ነው። አንድ ነገር ግን እወቅ። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ጠረፍ የተለካ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳስቶ ከባሕር ጠረፍ አየር 82 ወይም 83 በመቶ ግድም ነው። መጽሐፉ 10 ባር ካለ እዚህ 8 ባር ግድም ብታገኝ ሞተሩ ሞቷል ብለህ አትደንግጥ። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር የፈቱ ሰዎች አይቻለሁ።

ካንዴላውን ስትመልስ መጀመሪያ በጣትህ ብቻ አዙረው። ካንዴላው የሚገባበት ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላሸ ወጪው ሌላ ነው። በጣትህ እስኪቆም ከሄደ በኋላ ብቻ ቁልፍ ያዝ።

አሁን ስለ ውሃው። ይህን ነገር ረዘም አድርጌ መንገር እፈልጋለሁ። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አዳማ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ወይም በ95 ዲግሪ ይንተከተካል። የሞተርህ ውሃ ደግሞ በሥራ ላይ ወደዚያ ይጠጋል። የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ይይዛል፤ በግፊት ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም። 1.1 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለህ እዚህም ከ115 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ያ ሁሉ ይቀራል። ውሃው ይፈላል፣ ይተናል፤ አንተ ደግሞ «ራዲያተሩ አነሰው» ብለህ ትልቅ ራዲያተር ልትገዛ ትነሳለህ። የአንተ መኪና ሁለት ክዳን አለው። አንዱ ራዲያተሩ ላይ፣ ሌላው ሞተሩ አናት ላይ ባለችው ትንሽ የውሃ መያዣ ላይ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አታቀያይራቸው። ሞተሩ ሙቅ እያለ ደግሞ አንዱንም እንዳትከፍት። ፊቱ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ።

ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው፣ በቦታው መኖሩንም አረጋግጥ። በሞቃት ከተሞቻችን «ቴርሞስታት ለቀዝቃዛ አገር ነው» እያሉ አውልቀው የሚጥሉ አሉ። እኔም ወጣት ሳለሁ ከራሴ መኪና አውልቄ ጥዬ ነበር። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይውላል። ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል። የተረፈው ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሞተሬን በላሁት። ውሃውንም ከቧንቧ ብቻ አትሙላ፤ ኩላንት ግማሽ በግማሽ አድርግበት። ንጹህ ውሃ ብቻውን ብረቱንም አሉሚኒየሙንም ይበላዋል።

ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር። ተርቦው የሚኖረው በቀጭን ቧንቧ በሚደርሰው ዘይት ነው። ጠንክረህ ከነዳህ በኋላ ወዲያው አታጥፋው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ።

ወደ አራቱ ሐሳቦችህ ልምጣ።

ክፍት ፊልትሮ። ድምፁ እንደሚስብህ አውቃለሁ። አዳማ ግን ነፋሻ ከተማ ናት። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚህ ኮረብታ ላይ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው። ነፋሱ ደግሞ አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። ክፍት ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባል። ትኩስ አየር ቀጭን ነው፤ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሌላም አለ። መኪናህ የሚገባውን አየር በሴንሰር ይለካል። የቧንቧው ስፋት ሲቀየር ሴንሰሩ የሚያነበው ይሳሳታል፤ ቤንዚኑም ይዛባል። ዘይት የሚቀባ ፊልትሮ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል። የፋብሪካው ሳጥን ከቀዝቃዛ ቦታ አየር ይስባል። አዲስ ኦሪጅናል የወረቀት ፊልትሮ ግዛለት፤ ከመጽሐፉ ቀደም አድርገህ ቀይረው። ይበቃዋል።

ማርሚታውን ተወው። ጎረቤትህ ቤት አራስ ትኖር ይሆናል፤ ሌሊት ገብቶ የሚተኛ የጥበቃ ሠራተኛ ይኖር ይሆናል። በባለ ተርቦ መኪና ላይ የጭስ መውጫው በድንገት ሲከፈት ደግሞ የተርቦው ግፊት ከታሰበለት አልፎ ሊሄድ ይችላል።

ግፊቱን መጨመር ዋናው ጉዳይ ነው። ጓደኛህ ያሰበው በቱቦ ላይ የምትገባዋን ትንሽ ቫልቭ ይመስለኛል። ርካሽ ናት፤ በግማሽ ሰዓት ትገጠማለች። ለዚህም ነው የምፈራት። አንድ ስሌት ላሳይህ። ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ 1 ባር ነው እንበል። ተርቦው 0.8 ሲጨምርበት 1.8 ይሆናል። አየሩን 1.8 እጥፍ ጨመቀው ማለት ነው። አዳማ ላይ አየሩ 0.82 ነው። ያንኑ 1.8 ለማግኘት ወደ 2.2 እጥፍ መጭመቅ አለበት። ስለዚህ ተርቦው ምንም ሳትነካው እዚህ የበለጠ ይሽከረከራል፤ አየሩንም የበለጠ ያሞቀዋል። አንተ ከዚያ ላይ ልትጨምርበት ነው። ትኩስ አየር ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ቤንዚኑ እሳት ሳይደርሰው በራሱ ይፈነዳል። ካንዴላው ላይ እንድታየው የነገርኩህ በርበሬ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቤንዚኑንም አስብ። ኦክታን ማለት ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የመቻሉ መለኪያ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ኢምፕሬዛ 95 ኦክታን ታስቦለት ነው የተሠራው። ለጃፓን የተሠራው ደግሞ ከዚያም በላይ። እኛ ማደያ ሄደን የሚቀዳልንን እንቀዳለን እንጂ ኦክታን አናማርጥም። የዚህ ሞተር ደካማ ጎን ፒስቶኑ ላይ ፋሻዎቹ የሚቀመጡበት ጠርዝ ነው። በማንኳኳት፣ ማለትም ቅድም ባልኩህ ያለጊዜው ፍንዳታ ይሰነጠቃል። አንዴ ከተሰነጠቀ ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ሶማሌ ተራ ላይ ምትክ ሞተር ብታገኝ እንኳ ዋጋውን አስበው። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ስላለ ሞተር መቀየር የራሱ የመንገድ ትራንስፖርት ጣጣ አለው።

መቼም አትጨምር እያልኩህ አይደለም። ኮምፕረሽኑ ተስተካክሎ፣ ቤንዚን ፓምፑና ኢንጀክተሩ ጤነኛ መሆናቸው ታውቆ፣ የቤንዚንና የአየሩን መጠን የሚያሳይ መለኪያ ተገጥሞ፣ ኮምፒውተሩን እያየ ቀስ በቀስ የሚያስተካክል ሰው ካገኘህ ያኔ ይሆናል። የሌላ ሰው መኪና ማፕ (ኮምፒውተሩን የሚያዝዘውን ፋይል) ከኢንተርኔት አውርደህ እንዳትጭን። ያ ማፕ የተሠራው ለሌላ ከፍታ፣ ለሌላ ቤንዚን ነው። እስከዚያው ስልክህ ጋ የሚገናኝ ትንሽ መመርመሪያ ግዛ። መሪው ሥር ይሰካል። የሞተሩን ሙቀትና የስህተት ኮዱን ታያለህ። ብዙ ትማርበታለህ።

ሞላው። አትቁረጥ። የተቆረጠ ሞላ ቦታው ላይ በትክክል አይቀመጥም። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ሲመለስ ሊዞር፣ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቀው የሚያሳጥሩት ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፉታል። በዚያ ላይ ከተማችን በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የተሞላች ናት። ዝቅ ያለ መኪና የዘይት መያዣውን እዚያው ይጥለዋል።

ይልቅ ሞላ ልትቆርጥበት ያሰብከውን ገንዘብ ጎማና ፍሬን ላይ አውለው። የመኪናህ አራቱም ጎማ ይነዳል። ስለዚህ አራቱም በመጠን፣ በዓይነትና በመበላት ደረጃ አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ አዲስ ሌላው ያረጀ ከሆነ ዙራቸው ይለያያል፤ መሐል ያለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራና ይቃጠላል። ጎሚስታው «ሁለቱን ብቻ ቀይር» ቢልህ እሺ አትበለው። ጎማ ስትገዛ ጎኑ ላይ ያለውን አራት አሃዝ አንብብ። 2319 ካለ እንደ ፈረንጆቹ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ጎማ አለ። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለችውን ፊደልም እይ። ቲ እስከ 190፣ ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ለፍጥነት ብለህ አይደለም የምታያት። ጎማው ሙቀት መቻሉን ስለምትነግርህ ነው።

የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? አታውቅም። ሻጩም አያውቅም። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ በፊት አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 155 ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለሉ ጋ ይደርሳል። ምንም አይዝም። በየሁለት ዓመቱ አስቀይር። የፍሬን ሸራውን ራስህ መቀየር ትችላለህ። አየር ማስወጣቱን ግን መጀመሪያ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሥራ።

እንግዲህ ራስህ ስትሠራ የምለምንህ አንድ ነገር አለ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር እንዳትገባ። በብሎኬትም ላይ እንዳታቆመው። የዛሬ 30 ዓመት ግድም የአንድ ኮሮላ ካምቢዮ ለማውረድ መኪናውን ሁለት ብሎኬት ላይ አሳረፍኩት። የእኛ አገር ብሎኬት በፑሚስ (ቀዳዳ በበዛበት ቀላል ድንጋይ) የሚሠራ ነው፤ ቀላልና ተሰባሪ ነው። ሥሩ ተኝቼ ስሠራ 14 ቁጥር ቁልፍ ረሳሁ። ልወስድ ወጣሁ። ገና ቀና ስል አንዱ ብሎኬት ፍርክስ አለ። ጩኸት እንኳ አልነበረውም። መኪናው ዝም ብሎ ወረደ። ቅድም ደረቴ የነበረበት ቦታ ላይ ካምቢዮው መሬት ነክቶ ቆመ። ቁልፉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እጄ መንቀጥቀጡን ያየሁት ቁልፉ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ነው።

ስለዚህ ከማንኛውም ዕቃ በፊት የሚችሉት ክብደት የተጻፈባቸው ሁለት የብረት ማቆሚያዎች ግዛ። ሲሚንቶ ወይም ሌላ ጠንካራ ወለል ላይ ሥራ። መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ታኮ አድርግ። ያወለቅከውን ጎማ መኪናው ሥር አጋድመው፤ ሁሉም ቢከዳህ እሱ ይይዝልሃል። ከመግባትህ በፊት መኪናውን በእጅህ ነቅነቅ አድርገው። ብቻህን ቤት ስትሆን ደግሞ አትግባ።

አባትህን በተመለከተ። ያኮረፉህ በመኪናው ብቻ አይመስለኝም። ሃያ ዓመት የጅቡቲን መስመር የሄደ ሰው መንገድ ዳር ያየው ነገር አለ። በየቁልቁለቱ ፍሬን አልይዝ ያለው መኪና ምን እንዳደረገ አይቷል። ያንን ሁሉ ቁጭ ብሎ ላንተ አልነገረህም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረህ። ስለዚህ አትከራከራቸው። «ጓደኛዬ ባለሙያ ነው» አትበላቸው። ቅዳሜ ቡና ከተጠጣ በኋላ «አባዬ፣ እስቲ ና ሞተሩን ስማልኝ» በላቸው። በሌላ አነጋገር አትጀምር። ከባድ መኪና የነዳ ሰው ጆሮ አለው። ተደፍኖ የቆየ ድምፅ፣ የላላ ቺንጋ፣ የሚያንኳኳ ነገር ካለ ካንተ በፊት ይሰሙታል። ፍሬኑን እሳቸው ይፈትሹት። ጎማውን እሳቸው ይምረጡት። አንተ ደግሞ ቃል ግባላቸው። አዳማ መንገድ ላይ ባጃጅ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ኳሱን እየተከተለ የሚሮጥ ልጅ አለ። በሌሊት ከጓደኛ ጋር መወዳደር አይኖርም። ፍጥነት መንገዱ ላይም ምልክቱ ከሚፈቅደው አታልፍም። ይህን በአፍህ ብቻ ሳይሆን በአነዳድህ ያዩታል፤ መጀመሪያ እሳቸውን አጠገብህ አስቀምጠህ ወንጂ ድረስ ሂዱና ተመለሱ።

አንድ ደብተር ግዛ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የሠራኸውን፣ የገዛኸውን ዕቃ ዋጋ ጻፍ። አንድ ነገር ከቀየርክ ሁለት ሳምንት ንዳው፤ ከዚያ ሌላውን። ቦሎ ለማሳደስ ስትሄድም ደብተሩ ይጠቅምሃል። አንድ ቀን መሸጥ ካማረህ ደግሞ ገዢው ከሊብሬው ቀጥሎ የሚጠይቅህ ያንን ነው። አንተ ከሻጭህ ያጣኸው እሱን አይደል?

የኮምፕረሽኑን አራት ቁጥሮች ስታገኝ በተራ ላክልኝ፤ የቱ የማን እንደሆነ አትርሳ። ሁለቱ ክዳኖች ላይ የተጻፈውንም ጨምርልኝ። አባትህ ሞተሩን ሰምተው ያሉትን ደግሞ ቃል በቃል ጻፍልኝ፤ ከመለኪያው ጋር አስተያይቼ እመልስልሃለሁ።